የዒላማ ተራራ ቀይ ጨርቅ

ባለፈው ሐሙስ ዙህር ሰግጄ ገና ከመስገጃዬ ሳልነሣ ስልኬ ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ሰዓዳ የድምፅ መልእክት ልካልኛለች። ሰዓዳ ስልክን አታምነውም፤ አፏ ላይ ደፍታ ስለምትናገርበት ከቃሏ በፊት ትንፋሿ ይሰማል። ከትንፋሿ ኋላ ነፋስ ነበር። እዚህ ሻርጃ ነፋስ ጠፍቶ አይደለም፤ አሸዋ ተሸክሞ እየመጣ የምሠራበትን የልብስ ስፌት ቤት መስተዋት አቧራ አልብሶት ይሄዳል። በረዥም ሣር መሀል የሚያልፍ ነፋስ ግን ድምፁ ሌላ ነው፤ ብዙ ሴቶች ተሰብስበው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዱዓ የሚያደርጉ ይመስላል። የት ቆማ እንደምታወራ ሳትነግረኝ አወቅሁ።

ጤናዬን፣ ልጆቼን፣ ሙቀቱን ተራ በተራ ጠየቀች። ከዚያ፣ «ዘሃራዬ፣ ጨርቁ ነተበ» አለች። «እዚህ የሚሸጠው ቀይ አንድ ክረምት አይችልም፤ ሲውል ሲያድር የሽንኩርት ልጣጭ ይመስላል። እባክሽ ካገርሽ ፀሐይ የማይበላው ቀይ ላኪልኝ።»

ካገርሽ አለችኝ። እሷ ዒላማ ተራራ ላይ ቆማ፣ ነፋሱን እየጠጣች፣ አገሬ ሻርጃ መሆኑን ነገረችኝ። ክፋት አስባ እንዳልተናገረችው አላህ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ከወጣትነቴ ጀምሮ የማውቃት፣ ከልቤ ሥር የምትነሣው ያቺ ቁርጠት ብቅ አለች። አስተግፊሩላህ ብዬ መስገጃዬን አጠፍኩ። ቁርጠቷ ግን አብራ አልታጠፈችም።

ተራራው ከሐይቅ ከተማ ወደ አርዲቦ ሐይቅ ሲኬድ ነው የሚገኘው። እኔ ልጅ ሳለሁ የወታደር ማሰልጠኛ ነበር፤ ምልምሎቹ ተኩስ ስለሚለማመዱበት ሰዉ ዒላማ አለው፣ የድሮ ስሙም ተረስቶ ቀረ። እናቴ እንደምትለው ጦሩ ሳይመጣ በፊት ራሰ በራ ተራራ ነበር። ከብቱ ሣሩን ከሥሩ ይግጠዋል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ቀይ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ቁልቁል ይወስደዋል። ወታደሮቹ ዙሪያውን ኖራ በተቀቡ ድንጋዮች ከልለው ከብት አይገባም ሲሉ ሰዉ አልቅሷል፤ የሚያስለቅስም ነበር። ጥቂት ክረምት ሲያልፍ ግን ሴቶቹ ከድንጋዩ ውጭ ቆመው ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። አክርማ በቅሏል። አክርማ ስፌት የሚሰፋበት ሣር ነው፤ ሞሰቡም ሌማቱም ሙዳዩም ከሱ ነው የሚወጣው። በኛ መንደር ከግጦሽ ብዛት ጠፍቶ ሴቶቹ ከሩቅ ገበያ እየገዙ ነበር የሚሰፉት።

እናቴና ጓደኞቿ አክርማውን ገብተው እንዲነቅሉ ሽማግሌ ልከው የማሰልጠኛውን አዛዥ ለመኑ። ሻምበል ነበር፤ ከሌላ አገር የመጣ፣ ቀጭን፣ ዝምታ የሚያበዛ የገበሬ ልጅ። ምሽግ የቆፈረ ምልምል ቀድሞ ሣሩን ከነአፈሩ እንደ ዳቦ ቆርጦ ጥላ ሥር እንዲያስቀምጥ፣ ልምምዱ ሲያልቅም ጉድጓዱን ሞልቶ ሣሩን መልሶ ሳይተክል ራት እንዳይበላ ያዘዘ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹን ሰምቶ እሺ አላቸው፤ ደንቡን ግን አብሮ ነገራቸው። ተኩስ ባለበት ቀን ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቀላል፤ ጨርቅ ካለ ማንም ድንጋዩን አያልፍም። ከብት በምንም ቀን አይገባም። የጥይት ቀለህም ሆነ ሌላ ብረት የሚነካ የለም። ከተራራው አንዱ ፊት በየዓመቱ ተራ ገብቶ ያርፋል፣ ሣሩ አይነቀልም። ለውለታው ሴቶቹ በክረምት የጎርፉ ቦይ አፋፍ ላይ ችግኝ ይተክላሉ። ይህን ሁሉ የምታስከብር አንዲት ሴት ትመረጥ ብሎ፣ ከኪሱ የወታደር ፊሽካ አውጥቶ ለእናቴ ሰጣት።

ያ ፊሽካ ቤታችን ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ነው ያደግሁት። እናቴ በማትኖርበት ጊዜ አውርጄ በቀሚሴ ጫፍ እወለውለው ነበር። አልነፋሁትም። አንድ ቀን የኔ እንደሚሆን ስለማውቅ አልቸኮልኩም።

የእናቴን ዓይን ሞራ ጋረደውና ምልክትና ጥላ መለየት ተሳናት። በዚያ መስከረም፣ የግሸን ተሳላሚዎችን የጫኑ አውቶቡሶች በውጫሌ መንገድ ሽቅብ ሲያቃስቱ፣ እኛ ልጃገረዶች መንገድ ዳር ቆመን ቅቅል በቆሎ እንሸጥላቸው ነበር። በሐይቁ ዳር የአደይ አበባው ፈንድቶ፣ የበቆሎው እንፋሎት ከእርጥብ አፈር ሽታ ጋር ተቀላቅሎ፣ ሰዉ ሁሉ ደስ ያለው ወር ነው። ሴቶቹ ማሰልጠኛው በር ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። እናቴ ፊሽካውን ካንገቷ አወለቀች። እኔ ሻሼን አስተካክዬ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር፤ እንዲያውም አንድ እርምጃ ወደፊት ሳልሄድ አልቀረሁም።

«ሰዓዳ፣ ነይ» አለች እናቴ።

ሴቶቹ ኸይር ያድርገው ብለው አሚን ሲሉ ከንፈሬ አብሮ አሚን አለ። ከንፈር ታዛዥ ነው።

የቀረበልኝን ሳልቀምስ ዋልኩ። ከመግሪብ በኋላ እናቴ በዳሰሳ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ለምን እኔን እንዳላደረገች ሳልጠይቃት ነገረችኝ፤ የኔ እጅ ከሰዓዳ እጅ ሺ ጊዜ እንደሚበልጥ፣ ስፌቴን ያየ ሁሉ እንደሚመሰክር፣ ለዚህ ሥራ ግን እጅ እንደማይፈለግ። «ሰዓዳ እምቢ ማለት ትችላለች» አለች። «ለዘመድም። አንች ለሰው ፊት ትሸነፊያለሽ፣ ልጄ።» ጉልበቴን መታ መታ አድርጋኝ ሄደች። ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው ሳያውቅ ሲመርጥብህ ይቻላል፤ እናትህ አስባበት ስትመርጥብህ ግን ምን ትላለህ?

ሰዓዳ ፊሽካዋን ገበያም፣ ሠርግም፣ ውሃም ይዛው ትሄድ ነበር። ወታደሮቹ የሣር አስር አለቃ ብለው ስም አወጡላት፤ ባለፈች ቁጥር ተረከዛቸውን አጋጭተው ሰላምታ ይሰጧታል፣ እሷም ቆማ ሥርዓቱን ጠብቃ ትመልስላቸዋለች። ሻምበሉ ከሰው መሀል ቀድሞ የሚጠይቀው እሷን ነው። የባሰው ግን ይማም ነበር። ይማም እጮኛዬ ነው፤ ሐይቁ ላይ ዓሣ ያጠምዳል፣ ጀልባውን ሲቀዝፍ አምባሰልን የሚያንጎራጉር፣ ቀልድ የማያልቅበት ልጅ። አንድ ቀን ለእናቴ ዓሣ ይዞላት መጥቶ፣ «የአክስትሽ ልጅ እኮ ወንድ ብትሆን ሻምበሉን ጡረታ ታስወጣው ነበር» ብሎኝ ሳቀ። እኔም ሳቅሁለት። ዓሣውን ሳጸዳ ግን ከቅርፊቱ አልፌ ቆዳውን ገፍፌዋለሁ።

ሠርጋችን ለጥር ተቆርጧል። በኛ ዘንድ ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትገባ የራሷን ስፌት ይዛ ነው፤ የባሏ ዘመዶች ተሰብስበው እያገላበጡ ያዩታል። ሌማት ነበረኝ፣ ሙዳይ ነበረኝ። ትልቁ ሞሰብ ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ሙሽራ የምትለካው ደግሞ በሱ ነው። ለትልቅ ሞሰብ ረዥም አክርማ ያስፈልጋል፤ ረዥሙ ያለው አርዲቦን በሚያየው በምሥራቁ ፊት ላይ ነው። በዚያ ዓመት የማረፍ ተራው የደረሰው ይህ የምሥራቁ ፊት ነበር።

ሰዓዳን ምንጩ ዘንድ አገኘኋትና እንደዘበት አነሣሁባት።

«በጥር እንደምዳር ታውቂያለሽ።»

«ኢንሻአላህ። ጭፈራው ላይ ማን ይቀድመኛል ብለሽ?»

«የምዕራቡ ሣር አጭር ነው። ለሞሰብ አይሆንም።»

«ለሌማት ይሆናል።»

«በሌማት ልዳር ነው የምትይኝ?»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ትታ እጄን ያዘች። «እታለም፣ ምሥራቁ ዘንድሮ ያርፋል። ላንች ብፈቅድ ነገ የሁሉም ዘመድ ነኝ። ለማን እምቢ እላለሁ?»

እንስራዬን ተሸክሜ ወጣሁ። እናቴ እንዳለችው እምቢ ማለት ትችላለች፤ መጀመሪያ የተለማመደችው ግን በኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ። በማግሥቱም፣ በማግሥቱም አልወረደም። ሴቶቹ ዘንድሮ ወታደሩ ምን ነካው እያሉ የምዕራቡንም ሳይነቅሉ ተቀመጡ። እኔ ግን ጠንቃቃ ነኝ፤ የሚታየውንም የማይሰማውንም ልብ እላለሁ። ተኩስ በሚኖርበት ቀን የእናቴ ዶሮዎች ከጎተራው ሥር ተወሽቀው አይወጡም። በእነዚያ ቀናት ግን ደጁን ሲጭሩ ይውሉ ነበር። ጨርቁ አለ፣ ጥይት የለም። እንዲህ ከሆነ አንድ ሰው ተራራውን ለብቻው ፈልጎታል ማለት ነው። ማን እንደሆነም በልቤ ቆረጥኩ። ለአማኝ የማይገባ የሚጣፍጥ ነገር ነበረው፤ ያ ረቢ ይቅር በለኝ እያልኩ አጣጣምኩት።

አንድ ጧት ውሃ ልቀዳ ብዬ ወጥቼ ምንጩን አልፌ ሄድኩ። ጤዛው ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ አርሶታል። ከኖራ ድንጋዮቹ ዘንድ ስደርስ ቆምኩ፤ ጨርቁ ተሰቅሏልና አላልፍም። ከዚያ ግን የምሥራቁ ፊት ወለል ብሎ ይታያል።

ምልምሎቹ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ በባዶ እግራቸው፣ እንደ ውቂያ በሬ ተከታትለው ይዞራሉ። የሚረግጡት የድሮ ምሽግ የነበረበትን፣ ሣር እምቢ ብሎት የቀረውን ጠባሳ መሬት ነው። ሻምበሉ ራሱ ቡት ጫማውን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ከመሀላቸው አለ። ሰዓዳ ደግሞ የደረሰ አክርማ ዘለላውን ሳትነቅል፣ በዱላ ቀስ እያለች እየመታች ፍሬውን በነጠላዋ ትቀበላለች፣ ወስዳ እግራቸው ሥር ትበትናለች፣ ከዚያ ፊሽካዋን ትነፋለች፤ ወታደሩም በፊሽካዋ ይራመዳል። አንዲት ዘለላ ለራሷ አልያዘችም። ቆሜ አየሁ፣ እጇንም ጉያዋንም አየሁ። አልያዘችም።

ሌባ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

አየችኝና ከዳገቱ ላይ ተጣራች። «ዘሃራ፣ እለፊ፤ ዛሬ ጥይት የለም።»

«ጨርቁ ተሰቅሏል» አልኳት ባለሁበት።

«እኔ ነኝ እኮ ያሰቀልኩት። ፍሬው ሳይረግፍ እንዳይነቅሉብኝ ብዬ ነው።»

«እንግዲያ ያሰቀልሽውን አውርጅው። እኔ ቀይ ጨርቅ እያየሁ ድንጋይ አላልፍም። ዛሬ በውሸት ከተሰቀለ በእውነቱ ቀን ማን ይፈራዋል?»

ይህን ያልኩት በቅናት ነው፣ ሌላ ምን ብዬ እሰይመዋለሁ። ሻምበሉ ግን መራመዱን አቁሞ ወደኔ ዞረ። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ለሰዓዳ ነበር የተናገረው።

«ልክ ናት። ጨርቅ አይዋሽም። እኔ አንችን ሰምቼ ነው የተሳሳትኩት።»

አንድ ምልምል ጫፉ ድረስ ሮጦ ጨርቁን አወረደው። ለኔ ብቻ ተብሎ ነው የወረደው። እስኪወርድ ድረስ ቆሜ ጠበቅሁና ድንጋዩን አለፍኩ። በዕድሜዬ በአጀብ የተቀበሉኝ ያን ቀን ነው፤ ሠርጌ ላይ እንኳ እንዲያ አልሆንኩም። ሰዓዳ ቂም አታውቅም፤ «ጫማሽን አውልቂና ርገጭ» አለችኝ። አወለቅሁ። ጭቃው ቀዝቃዛ ነበር፣ ፍሬው ከጣቶቼ መሀል እየገባ ያሳክካል። እየረገጥን ነገሩን መከርንበት፤ የተኩሱ ጨርቅ ጫፉ ላይ ብቻ እንዲሆን፣ ለሚያርፈው ፊት ደግሞ ሌላ ቀይ ጨርቅ በአጭር እንጨት ከመግቢያው ዘንድ ዝቅ ብሎ እንዲሰቀል። ዝቅ ይበል ያልኩት እኔ ነኝ። መንደሩ ግን እስከ ዛሬ የሰዓዳ ደንብ ነው የሚለው።

ስንወርድ ሰዓዳ ቤቷ ይዛኝ ገባች። ከቆጡ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወረደች። ረዥም፣ የደረቀ፣ ወርቅ የመሰለ የምሥራቅ ፊት አክርማ ነው፤ ፊቱ ክፍት በነበረበት ጊዜ ለራሷ ሞሰብ እያለች ስታጠራቅም የኖረችው። ጭኔ ላይ አኖረችው።

«ያንች ነው፣ ጀባ ብያለሁ» አለች።

«የራስሽስ?»

«እኔን ማን ይቸኩልብኛል። አብሽሪ፣ ሣሩ ይበቅላል።»

አልቀበልም ማለት አማረኝ። ከምትቀኝባት ሰው እጅ ስጦታ መቀበል ምን ያህል እንደሚከብድ የቀመሰው ያውቀዋል። ግን ጥር ቀርቧል፣ ሌላ አክርማ የለም። ጀዛኪላህ ብዬ ተሸክሜው ወጣሁ። እስከ ሠርጌ ድረስ ወስፌው ጣቴን እየወጋኝ፣ ቀለሙን ራሴ ነክሬ፣ ያቺን ሞሰብ እንደ ሶላት ሰፋኋት። ከሷ የተሻለ ሰፍቼ አላውቅም።

ኒካው ታስሮ የይማም ዘመዶች ስፌቴን ሊያዩ ተሰበሰቡ። አማቴ ሞሰቡን አነሡት፣ ወደ ብርሃኑ አዞሩት፣ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። እኔ በሽፋኔ ውስጥ ሆኜ ጣታቸውን በዓይኔ ተከተልኩ።

«ማሻአላህ» አሉ። «ምን ያለ አክርማ ነው። ከየት ነው የመጣው?»

አንዷ አክስት፣ «ሰዓዳ የምትጠብቀው ተራራ ነዋ» አለች። ሁሉም ስለ ሣሩ፣ ስለ ርዝመቱ፣ ስለ ሰዓዳ ጉብዝና ማውራት ጀመሩ። ማን ሰፋው ያለ አልነበረም። ይማም ይህን ቀን ሳነሣበት እስኪያነባ ይስቅ ነበር፤ አላህ ይርሐመው፣ ሳቁ ራሱ ይናፍቀኛል። ሰዓዳ ግን ከኔ ብዙ ዘግይታ ነው ያገባችው። በሞሰቡ ምክንያት ይሆን? ጠይቄያት አላውቅም።

ይማም ካለፈ በኋላ ልጆቼን ላሳድግ ዓረብ አገር ወጣሁ፤ ይኸው ልጆቼ አድገው እኔ ቀረሁ። ጦሩ ከዚያ ከተነሣ ብዙ ዘመን ሆነው። ኖራው ከድንጋዮቹ ላይ ታጥቧል አሉ፣ ዘብ የለም፣ ሻምበልም የለም። ጫፉ ላይ የሚሰቀል ጨርቅም የለም። ዝቅ ብላ የምትሰቀለው ቀይ ጨርቅ ግን አሁንም በየዓመቱ ተራ የደረሰው ፊት መግቢያ ላይ ትሰቀላለች፤ ጥይት ተተኩሶ ሰምተው የማያውቁ ልጃገረዶች ያዩዋትና ይመለሳሉ። የሰዓዳ ጉልበት ስለሚያማት ዳገቱን የሚወጡላት እነሱ ናቸው። ፎቶ ስትልክልኝ ተራራው አረንጓዴ ነው፣ የጎርፉ ቦይ በወይራና በዋንዛ ተሸፍኗል። ከጥግ ማንም የማያውቀው አንድ ቦታ አለ፤ ክብ ሆኖ ከሌላው የጠቆረ አክርማ የበቀለበት። እዚያ እግሬ ነበር።

የምቀናው እንግዲህ በዚህ ነው። በፊሽካው አይደለም፣ እሱንስ ዝገት በልቶታል። መስከረም በመጣ ቁጥር እሷ እዚያ ስላለች፣ ያ የበቆሎና የእርጥብ አፈር ሽታ ሳታስበው አፍንጫዋ ስለሚደርስ ነው። ስለሷ በየሶላቴ ዱዓ አደርጋለሁ፤ ዕድሜዋን፣ ጉልበቷን፣ ልጆቿን እለምንላታለሁ። ዱዓው ከልቤ ነው። ቅናቱም ከልቤ ነው። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ሳይጣሉ አርጅተዋል፤ ጀሊሉ የትኛውን እንደሚያይልኝ እሱ ያውቃል።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ጨርቅ ተራ ወረድኩ። ነጋዴው ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ለሣር ነው ስለው ግራ ገባው፤ ለድንኳን መስሎት ወፍራሙን አወጣልኝ። በርሱ አላበቃሁም፤ ከየሱቁ እየለመንኩ ቁራጭ ወስጄ ሰገነቴ ላይ ዘረጋሁና ፀሐዩ ያልቻለውን መረጥኩ። የደም ቀለም ነው። ትናንት የአስር ሶላት ሰግጄ የስፌት መኪናዬ ፊት ተቀመጥኩና ከፈትኩት፤ ከዚያ ሐሳቤን ለውጬ መኪናውን ዘጋሁ፣ መርፌ አነሣሁ። ጠርዙን እጥፍ አድርጌ፣ ነፋስ ቢመታው እንዳይተረተር፣ በእጄ እየሰፋሁት ነው። አንድ ዘመድ በመጪው ሳምንት ወደ አገር ይገባል፤ በሱ እልከዋለሁ።

ስሜን አልጠለፍኩበትም። ይህን ብቻ ነው የምመኘው፤ መስከረም ላይ ከዚያ መግቢያ የምትቆም አንዲት ልጅ ጨርቁን በእጇ ይዛ ጠርዙን ትዳስሰውና፣ ከየት መጣ ሳይሆን፣ ማን ሰፋው ብላ ሰዓዳን ትጠይቃት።